አካዳሚክ ራይቲንግ ለመማር የቱ ያዋጣል? ክላስ፣ ኢሊክ፣ ነጻ ዌብሳይት፣ አስጠኚ ወይስ ኤአይ

ሰሞኑን ሦስት የጂሲ (ተመራቂ ክፍል) ተማሪዎች በየተራ ደውለው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ «ሲኒየር ኢሴዬ ሲሚላሪቲው 38 ፐርሰንት መጣ፣ የሚያወርድልኝ ሰው ታውቃለህ?» ሲኒየር ኢሴ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው፣ ሲሚላሪቲ ደግሞ ፕሮግራም ሲፈትሸው ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የተመሳሰለው መጠን። ልብ በሉልኝ፣ የሚያሳየኝ ወይም የሚያስተምረኝ አይደለም ያሉት፣ የሚያወርድልኝ ነው። እኔ እዚሁ ጅማ እንግሊዝኛ ተምሬ ጨርሼ አሁን ማታ ማታ ተማሪ አስጠናለሁ፣ ስለዚህ ጥያቄው አዲስ አይደለም፣ ዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፍን ፈታኞች ፊት ማስረዳት) ሲደርስ በየዓመቱ ይመጣል። ችግሩ አማራጩ በዝቶ የቱ ለምን እንደሚሆን አለመታወቁ ነው፣ አንዱ ቱርኒቲን (ተመሳሳይነት የሚፈትሸውን ፕሮግራም) ግዛ ይላል፣ አንዱ ኮርሴራ (የኦንላይን ኮርስ ዌብሳይት) ግባ ይላል፣ አንዱ ለቻትጂፒቲ ስጠው ይላል፣ እንዲህ ሲባል ዴድላይኑ ያልፋል።

ስለዚህ አንድ ላይ ላስቀምጣቸውና ላወዳድራቸው። «ሪሰርች እንሠራለን» ብለው ምሰሶ ላይ ወረቀት የሚለጥፉትን ግን አላስገባኋቸውም፣ እሱ ግዢ ነው እንጂ መማር አይደለም፣ ዲፌንስ ላይ «ቻፕተር ሁለት ላይ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ስትባልም አብሮህ የሚቆም የለም።

በምን እንመዝን?

አምስት ነገር አያለሁ፣ ግን እኩል ክብደት የላቸውም።

አንደኛውና ትልቁ፣ የራሳችሁን ፓራግራፍ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አለው ወይ የሚለው ነው። የኤፒኤ (አንዱ የምንጭ አጠቃቀስ ስልት) ህግ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይነበባል፣ የጻፋችሁት ነገር ግን የናንተ ይሁን የሌላ ሰው ህግ አንብባችሁ ብቻ አታውቁትም።

ሁለተኛው፣ አማራጩ የቱ ጋ ነው የሚረዳችሁ? ማስታወሻ ስትይዙ ነው ወይስ ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፕላጃሪዝም (የሌላን ሰው ሐሳብ ወይም ጽሑፍ የራስ አስመስሎ ማቅረብ) የሚጀምረው ስትጽፉ አይደለም፣ ስታነቡ ነው። አንድ ጽሑፍ እንዲህ ይላል እንበል፦

«የጅማ ገበሬ ቡናውን በትላልቅ ዛፎች ጥላ ስር ስለሚያሳድግ የአፈሩ ለምነት ለረጅም ዓመት ሳይቀንስ ይቆያል።»

ተማሪው ፒዲኤፉን ከፍቶ እያየ እንዲህ ይጽፋል፦

«የጅማ አርሶ አደር ቡናውን በግዙፍ ዛፎች ጥላ ስር ስለሚያበቅል የመሬቱ ለምነት ለብዙ ዓመት ሳይጎድል ይኖራል።»

ገበሬ አርሶ አደር ሆነ፣ ትልቅ ግዙፍ ሆነ፣ አጥንቱ ግን ያው ነው፣ ልብስ ነው የቀየረው። ይሄ ፓችራይቲንግ ይባላል፣ ስሙን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስለመደችው ርብቃ ሙር ሃዋርድ የምትባል አሜሪካዊት የራይቲንግ ምሁር ናት፣ እሷ ነገሩን ከሌብነት ይልቅ ገና እየተማረ ያለ ሰው የሚያልፍበት ደረጃ አድርጋ ነው የምታየው። እኔም እስማማለሁ፣ ኤግዛሚነሩ ግን ላይስማማ ይችላል። የዋናው ጽሑፍ ባለቤት አበበ ነው እንበል፣ መጨረሻ ላይ ስሙን ጣል ማድረግም አያድንም፣ ምክንያቱም ስሙ ሐሳቡን ነው የሚመልሰው፣ አረፍተ ነገሩን አይመልስም። አሁን ይሄን እዩት፦

«አበበ (2012) እንደሚለው ጥላ ዛፉ የሚጠብቀው ቡናውን ብቻ አይደለም፣ መሬቱም በየዓመቱ እያመረተ ያልደከመው በሱ ምክንያት ነው።»

እንዲህ ለመጻፍ ፒዲኤፉ መዘጋት አለበት። እኔ የማስደርገው ቀላል ነው፣ አንብብ፣ ዝጋ፣ ለዶርም ጓደኛህ በአማርኛ ወይ በአፋን ኦሮሞ አስረዳው፣ ከዛ የነገርከውን በእንግሊዝኛ ጻፍ። አብዛኞቻችን ሁለት ሦስት ቋንቋ ይዘን ነው የመጣነው፣ ይሄ እዳ ሳይሆን ጥቅም የሚሆንበት ቦታ ነው (ሳይት ሳያደርጉ፣ ማለትም ምንጩን ሳይጠቅሱ፣ ከአማርኛ ቴሲስ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ግን ያው ፕላጃሪዝም ነው፣ አይያዝብኝም ብላችሁ እንዳትሸወዱ)። ማስታወሻ ላይ ደግሞ ሦስት ፊደል ጠርዝ ላይ ጻፉ፣ «ቃ» ቃል በቃል የገለበጥኩት ከነገጹ፣ «ሐ» የሱ ሐሳብ በኔ አባባል፣ «እ» የራሴ። ከወር በኋላ ደብተሩን ስትከፍቱ የማን ምን እንደሆነ ይለያል።

በነገራችን ላይ ሳይት ማድረግ የፈረንጅ ነገር የሚመስለው ካለ እዚሁ ጅማ ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ሆኖ የቀራ ልጅ ይጠይቅ። ሐዲስ ሲነገረው እገሌ ከእገሌ ሰማ የሚለው ሰንሰለት አብሮ ነው የሚመጣው፣ ሰንሰለቱ ከላላ ቃሉም ይላላል። እንደዚህ ያለ ተማሪ አስጠንቼ አውቃለሁ፣ ኢንቴክስት ሳይቴሽን (ጽሑፉ መሃል ምንጭ መጥቀስ) ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሦስተኛው ብር ነው፣ ዋጋው ብቻ ሳይሆን መክፈያውም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ተማሪም ብዙ የለም። አራተኛው ኔትወርክና መብራት፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በቪዲዮ ተደግፎ መማር ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። አምስተኛው፣ አማራጩ ቢበላሽባችሁ ምን ታጣላችሁ? አንዳንዱ ጊዜ ብቻ ነው የሚያባክነው፣ አንዳንዱ ግን ዲግሪ ያስጥላል።

ክላሱና አድቫይዘሩ

አሰልቺ መልስ ነው አውቃለሁ፣ ግን በመጀመሪያው መስፈርት የሚያህለው የለም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ተርም ፔፐር ሳስገባ መምህሬ ሙሉውን አላረመልኝም፣ አንድ መስመር ብቻ በቀይ ከቦ ጎኑ ላይ «ይሄ ድምፅ ያንተ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ያቺ መስመር እውነትም ከአንድ ሃንድአውት የወሰድኳት ነበረች፣ በዙሪያዋ ያለው ጽሑፍ የኔ አማተር እንግሊዝኛ ሆኖ እሷ ብቻ ሱፍ ለብሳ ቆማለች። ከዛ በኋላ የተማርኩት ኮርስ ሁሉ ተደምሮ ያቺን ቀይ ክብ አያህልም።

ድክመቱ ክላሱ ይሞላል፣ አድቫይዘሩ ብዙ ተማሪ ይዟል፣ ኮሜንቱ ይዘገያል። መፍትሄው 30 ገጽ ይዞ አለመሄድ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ፕሪንት አድርጉ፣ ያነበባችሁትን ዋና ጽሑፍም አብራችሁ ያዙ፣ «ይሄን ከዚህ ነው የጻፍኩት፣ ርቄያለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ አስር ደቂቃ የሚነፍግ መምህር ብዙ አልገጠመኝም።

ኢሊክ

ብዙ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከል አለ፣ ተማሪው ኢሊክ ነው የሚለው። ነጻ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ወደ ስፒኪንግና ግራመር ያደላል፣ ሳይቴሽን ላይ ብቻ ቁጭ ብሎ የሚያሠራችሁ ማግኘት እንደ ሴሚስተሩና እንደ ሰውየው ነው። ለፍሬሽማንና ለሁለተኛ ዓመት አሪፍ ነው፣ ለጂሲ ዘግይቷል።

ነጻ ዌብሳይቶች

ሁለት ይበቃሉ። አንዱ ፐርዱ አውል ነው፣ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የራይቲንግ ገጽ፣ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ አለ። ኤፒኤም ኤምኤልኤም (ሌላው የአጠቃቀስ ስልት) በምሳሌ ያሳያል፣ ጽሑፍ ስለሆነ በስልክ ይከፈታል፣ ዋይፋይ ስታገኙ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ኤፒኤ የምትጠቀሙ ከሆነ ሰባተኛው እትም (2019 እ.ኤ.አ.) መሆኑን እዩ፣ ስድስተኛውን የያዘ አሮጌ ሃንድአውት አሁንም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል። ለምሳሌ ያህል በኤፒኤ 40 ቃልና ከዛ በላይ ቃል በቃል ስትወስዱ ለብቻው ገባ ተደርጎ ያለ ትምህርተ ጥቅስ ይቀመጣል፣ በኤምኤልኤ ደግሞ ከአራት መስመር ያለፈ ስድ ንባብ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሊትሬቸር ላይ የምትሠሩ ኤምኤልኤ፣ ቴፍል (እንግሊዝኛ የማስተማር ዘርፍ) እና ሊንጉስቲክስ ኤፒኤ መሆኑ የተለመደ ነው፣ የዲፓርትመንታችሁን ጋይድላይን ግን ቅድሚያ ስጡት።

ሁለተኛው የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አካዳሚክ ፍሬዝባንክ ነው። ይሄ ለኛ አይነቱ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ የሚገለብጠው ሐሳብ አጥቶ አይደለም፣ ሐሳቡን የሚሸከም አረፍተ ነገር አጥቶ ነው። የቀደመ ጥናት ስትጠቅሱ፣ ሁለት ጥናት ስታነጻጽሩ፣ «ይመስላል» ብላችሁ ስትጠነቀቁ የምትጠቀሙባቸው ባዶ ቅርጾች ተሰድረው አሉ። ይዘት የሌላቸው የጋራ አባባሎች ስለሆኑ መጠቀሙ ፕላጃሪዝም አይደለም።

ድክመታቸው አንድ ነው፣ የናንተን ወረቀት ማንም አያይም።

ኦንላይን ኮርስ

ኮርሴራ ላይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የሚሰጠው ተከታታይ የአካዳሚክ ራይቲንግ ኮርስ አለ፣ ከግራመርና ከሥርዓተ ነጥብ ተነስቶ እስከ ሪሰርች ፔፐር ይሄዳል። መክፈል ለማይችል ፋይናንሻል ኤይድ የሚባል ማመልከቻ አለ፣ መልሱ ቀናት ይወስዳል። ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀታችሁን የሚያርሙት አብረዋችሁ የሚማሩ ሰዎች ናቸው፣ አንዳንዱ «ጉድ ጆብ» ብሎ ያልፋል፣ በቃ። ሰርተፊኬቱን ሲቪ ላይ ለማስገባት ከሆነ ይሁን። ዲፌንሱ በወር ውስጥ ለሆነ ሰው ግን አይመከርም።

አስጠኚ

እኔ ራሴ ስለምሠራው እዚህ ላይ የምለውን ቀንሳችሁ ስሙ። ጥሩ አስጠኚና መጥፎ አስጠኚ በአንድ ጥያቄ ይለያሉ። ጥሩው «ና፣ ፊቴ ጻፍ» ይላል፣ መጥፎው «ፋይሉን በቴሌግራም ላክልኝ» ይላል። ፋይሉ ሄዶ ተሽሎ ከተመለሰ አስጠኚ አይደለም የቀጠራችሁት። ብር ለመቆጠብ ደግሞ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ላይ ግቡ፣ አንዱ የሌላውን ሲያርም ከኔ ይልቅ የሚማሩት ከዛ ነው።

ኤአይና ፓራፍሬዝ ማድረጊያዎች

ለየብቻ እንያቸው። ፓራፍሬዝ ማድረጊያ የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ የላይኛውን የገበሬና አርሶ አደር ጨዋታ በፍጥነት የሚጫወቱ ናቸው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ጊዮም ካባናክ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪና ጓደኞቹ በዚህ አይነት መሳሪያ የተሠሩ የታተሙ ጽሑፎችን ሲለቅሙ «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» የሚለው «ካውንተርፌይት ኮንሽየስነስ» ሆኖ አገኙት፣ «ብሬስት ካንሰር» ደግሞ «ቡዝም ፔሪል»። ሳቅ ነው፣ ግን ቻፕተር ሁለታችሁ ውስጥ ቢገኝ አያስቅም።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የተሻሉ ናቸው፣ ስለዚህ የበለጠ ያታልላሉ። የሌለ ሪፈረንስ ይፈጥራሉ፣ ጸሐፊው እውነተኛ ሰው፣ ጆርናሉ እውነተኛ ጆርናል፣ አርቲክሉ ግን በጭራሽ ያልተጻፈ። እያንዳንዱን ጎግል ስኮላር ላይ ርዕሱን ጽፋችሁ ካልፈለጋችሁ ዲፌንስ ላይ ኤግዛሚነሩ ይፈልግላችኋል። ጽሑፉን ጻፍልኝ ማለት ደግሞ ከፖስተር ለጣፊው የሚለየው ርካሽ በመሆኑ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? እንደ ጠያቂ ተጠቀሙበት። «ይሄን ፓራግራፌን አታስተካክል፣ ያልገባህን አምስት ነገር ብቻ ጠይቀኝ» በሉት፣ ከዛ መልሱን ራሳችሁ ጻፉ። መምህራችሁ ከፈቀደ ማለቴ ነው፣ ቅድሚያ ጠይቁ።

ሌላው ራስ ምታት የኤአይ ዲቴክተር ነው፣ ጽሑፉን ሰው ጻፈው ወይስ ማሽን ብሎ የሚገምት ፕሮግራም። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፈል ድርሰቶች በሰባት ዲቴክተሮች ቢፈትሹ ዲቴክተሮቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን ማሽን ነው የጻፈው አሉ። ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን ዲቴክተር በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘጋው። ስለዚህ ራሳችሁ ጽፋችሁም ልትጠረጠሩ ትችላላችሁ፣ መከላከያው ረቂቆቻችሁን አለማጥፋት ነው። ፋይሉን በየቀኑ በአዲስ ስም አስቀምጡ፣ ማስታወሻ ደብተሩንም እንዳትጥሉ።

ቼከሮች

ሰው ብሩን የሚያፈሰው እዚህ ነው፣ መጨረሻ መምጣት የነበረበትም ይሄው ነው። ቱርኒቲን ለተማሪ በግል አይሸጥም፣ ለተቋም ነው የሚሸጠው፣ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥላችሁ የሌላ ሰው አካውንት ነው። ቁጥሩም የሚለካው ተመሳሳይነት እንጂ ሌብነት አይደለም፣ እስከ 24 ፐርሰንት አረንጓዴ፣ ከ25 እስከ 49 ቢጫ፣ ከ50 እስከ 74 ብርቱካናማ፣ ከዛ በላይ ቀይ። ግን ሪፈረንስ ሊስቱና የተጠቀሰው ሁሉ ካልተቀነሰ ንጹህ ወረቀትም ቢጫ ሊገባ ይችላል፣ 9 ፐርሰንት የሆነው ደግሞ አንድ ሙሉ የተሰረቀ ገጽ ይዞ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጓደኛዬ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ዲፓርትመንት ከማስገባቱ በፊት አንድ ፕሪንት ቤት ከፍሎ ወረቀቱን አስፈተሸ፣ 14 ፐርሰንት መጣለት፣ ደስ ብሎት ሻይ ጋበዘን። የፈተሸለት ሰው ግን ወረቀቱን ዳታቤዙ ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው ያስገባው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዲፓርትመንቱ በኩል ሲገባ የራሱ ወረቀት ከራሱ ወረቀት ጋር ገጥሞ ደም መሰለ። የኔ ነው ብሎ ለማስረዳት ደብዳቤ ሲጽፍ ዲፌንሱ ለሁለተኛ ዙር ተገፋ። ነጻ ነን የሚሉ ዌብሳይቶችም ፋይላችሁን ምን እንደሚያደርጉት አይታወቅም። ዲፓርትመንቱ ረቂቅ ይፈትሽ እንደሆነ አድቫይዘራችሁን ጠይቁ፣ በዛ ብቻ።

ሪፈረንስ ማኔጀር

ምንጮቻችሁን መዝግቦ ይዞ ሪፈረንስ ሊስት የሚያወጣላችሁ ፕሮግራም ነው፣ ዞቴሮ ወይ ሜንደሌይ፣ ሁለቱም በነጻ ይጀመራል። ዞቴሮ ኦፕን ሶርስ ነው፣ ሜንደሌይ የኤልሰቪየር የሚባል አሳታሚ ድርጅት ነው። ኦንላይን ማስቀመጫው ዞቴሮ ላይ 300 ሜጋባይት፣ ሜንደሌይ ላይ 2 ጊጋ ነው፣ ግን ላፕቶፕ ላይ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ልዩነቱ አይታያችሁም። አንድ የኛ ችግር አለ፣ ፕሮግራሞቹ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይገለብጡታል፣ አበበ ከበደ ጽሑፍ ውስጥ ከበደ ይሆናል። የኢትዮጵያ ጸሐፊ በራሱ ስም ይጠራ የሚል ዲፓርትመንት ከሆነ ዞቴሮ ላይ ስሙን ወደ አንድ ሳጥን ቀይራችሁ በእጅ አስተካክሉ።

በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ወረቀታችሁን የሚያይ | የቱ ጋ ይረዳል | ወጪ | ኔትወርክ | አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ክላስና አድቫይዘር | አዎ | ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ | ፕሪንት ብቻ | አያስፈልግም | የለውም |
| ኢሊክ | እንደ ሰውየው | መሠረቱ ላይ | ነጻ | አያስፈልግም | የለውም |
| ፐርዱ፣ ፍሬዝባንክ | የለም | ስትጽፉ | ትንሽ ዳታ | ቀላል | የለውም |
| ኦንላይን ኮርስ | እንደ እናንተው ተማሪ | ከመሠረቱ | ዶላር ወይ ኤይድ | ከባድ | ጊዜ |
| አስጠኚ | አዎ፣ ጥሩ ከሆነ | ስታነቡና ስትጽፉ | መካከለኛ፣ በቡድን ይቀንሳል | አያስፈልግም | ወደ ማስጻፍ ከዞረ ትልቅ |
| ኤአይ | ማሽን ነው | ጥያቄ ለማስጠየቅ | ነጻው ይበቃል | መካከለኛ | ትልቅ |
| ቼከር | የለም፣ ቁጥር ነው | ካለቀ በኋላ | የማይገባው ብር | መካከለኛ | ትልቅ |
| ዞቴሮ፣ ሜንደሌይ | የለም | ምንጭ ለመያዝ | ነጻ | ለማውረድ ብቻ | ትንሽ |

ለማን የቱ?

ብር የሌለው ፍሬሽማን፦ ኢሊክ፣ ፍሬዝባንክ፣ የሦስቱ ፊደል ማስታወሻ። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ፕሮፖዛል ላይ ያለች ተማሪ፣ ትንሽ ብር ያላት፦ ዞቴሮ ዛሬውኑ ትጫን፣ ምክንያቱም 40 ምንጭ ከተከማቸ በኋላ መጀመር ቅጣት ነው። ብሯን ለፕሪንትና ለዳታ ታውለው፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ገጽ ከነዋናው ጽሑፍ ለአድቫይዘሯ ትውሰድ።

ሥራ ላይ ሆኖ በኤክስቴንሽን ማስተርስ የሚማር መምህር፦ ቀን ቢሮ ስለማይመቸው ኦንላይን ኮርሱ ለሱ ነው የሚሆነው፣ ጊዜው ረጅም ነው፣ ሰርተፊኬቱም ይጠቅመዋል።

እንደ ደወሉልኝ ሦስቱ፣ አስር ቀን ቀርቷቸው 38 ፐርሰንት የመጣባቸው፦ ቁጥሩን እርሱት፣ ሪፖርቱን ክፈቱ። መጀመሪያ ሪፈረንስ ሊስቱ ተቀንሷል ወይ? ካልሆነ ይቀነስላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ከዛ አጫጭሩን የተቀለመ ሐረግ እለፉት፣ «የዚህ ጥናት ዓላማ» የሚለው የሁሉም ነው። ከሁለት መስመር በላይ አንድ ላይ የተቀለመውን ብቻ ለቅማችሁ ወረቀት ላይ ቁጠሩት፣ ብዙ ጊዜ ከአስራ አምስት አይበልጥም። እያንዳንዱን ዋናውን አንብቡ፣ ዝጉ፣ ለጓደኛ ንገሩ፣ እንደገና ጻፉ። በቀን ሦስት ከሠራችሁ በአምስት ቀን ያልቃል፣ ለአድቫይዘሩም አምስት ቀን ይቀራል።